ኤሊዎቹን ኮምፒውተር አልሠራቸውም

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ሰሞኑን ስለ «ዴስቲኖ»፣ ዳሊና ዲዝኒ ጀምረውት ከብዙ ዓመት በኋላ ስላለቀው አጭር የአኒሜሽን ፊልም፣ ያወጣችሁትን ዘገባ ካነበብኩ በኋላ ሁለት ቀን ዝም ብዬ ነበር፣ ይቅር ብዬ፣ ግን አልወጣልህ አለኝ። ያንገበገበኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ሁለቱ ኤሊዎች ጀርባቸው ላይ ፊት ተሸክመው ሲጠጋጉ በመሀላቸው ካለው ክፍተት ባለሪና (የባሌት ዳንሰኛ) ምትወጣበትን ቦታ «በኋላ በኮምፒውተር የተለጠፈ» ብላችሁ ጻፋችሁ፣ ተመልካቾችም እንደዛ ነው ያሉት ብላችሁ አስደገፋችሁት።

እንዴ! በዛ ዘመን ተስሎ ፊልም ላይ የገባው እሱ ብቻ እኮ ነው። ህልም በሚመስል ሥዕሉ፣ በሱሪያሊዝም፣ የታወቀው ስፔናዊ ሳልቫዶር ዳሊና የዲዝኒ ስቱዲዮ ሰዓሊ ጆን ሄንች ከ1945 መጨረሻ ጀምሮ ስምንት ወር ያህል ስቶሪቦርድ፣ ማለት የፊልሙን ትዕይንቶች በተራ የሚያሳይ ንድፍ፣ ሲስሉ ቆዩ (በፈረንጆቹ ነው ምቆጥረው)፣ ከዛ ዲዝኒ ከጦርነቱ በኋላ ገንዘብ አጠረውና ሥራው ቆመ። ሄንች ግን የዋልት ዲዝኒ ልብ ይመለስ እንደሆነ ብሎ 17 ሰከንድ ገደማ ሙከራ ሠራ። ያቺ 17 ሰከንድ ናት የኤሊዎቹ ትዕይንት። እናንተ ግን ከስድስት ደቂቃ በላይ ከሚሄድ ፊልም ውስጥ ለይታችሁ አዲስ ነው ያላችሁት አሮጌውን ነው። ከመጻፋችሁ በፊት አንድ ሰው እንኳን «እስቲ ላጣራ» አላለም?

ተመልካች ቢሳሳት አልፈርድበትም፣ እሱ ያየውን ነው ሚናገረው፣ ደግሞም በኮምፒውተር የተሠሩ ቦታዎች ፊልሙ ውስጥ በእርግጥ አሉ፣ አብዛኛው ግን የእጅ ሥዕል ነው። ማጣራት የናንተ ሥራ ነበር።

ሌላው፣ ዳሊና ዲዝኒ በየአንቀጹ ተጠርተዋል፣ ሄንች ግን አንድ ቦታ የለም። ዋልት ዲዝኒ በ1966 ሞተ፣ ዳሊ በ1989። የዋልት የወንድም ልጅ ሮይ ዲዝኒ ነገሩን በ1999 ሲያነሳው ያን ሁሉ የተወሳሰበ ስዕል ምን ለማለት እንደሆነ ሊያስረዳ ሚችል በሕይወት የቀረው ሄንች ነበር። ፓሪስ በነበረው የዲዝኒ ስቱዲዮ ውስጥ 25 ያህል አኒሜተሮች በዶሚኒክ ሞንፌሪ ዳይሬክተርነት የጨረሱት በሱና በዳሊ ስቶሪቦርድ፣ በሱም ትዝታ ነው፣ በ2003 ፈረንሳይ ውስጥ በሚካሄደው የአኔሲ አኒሜሽን ፌስቲቫል ላይ ታየ፣ ለኦስካርም ታጨ፣ ሄንች ይሄን አይቶ በ2004 መጀመሪያ በ95 ዓመቱ አረፈ። 57 ዓመት የጠበቀ ሰው አንድ መስመር አነሰው?

ለምን እንደዚህ እንደሚያመኝ ልንገራችሁ። እኔም ሥዕል ስዬ ነው ምኖረው። ከዓመታት በፊት ለአንድ የልጆች ፕሮግራም ሦስት ወር ሙሉ ስቶሪቦርድ ሠርቼ፣ ሌሊት መብራት ሲጠፋ በሻማ ሳይቀር፣ ፕሮግራሙ ሲተላለፍ ቤተሰብ ሰብስቤ ቁጭ አልኩ፣ ስሞቹ አለፉ፣ የሾፌሩ ስም አለፈ፣ የኔ የለም። እናቴ «የታለ ልጄ?» አለችኝ፣ ምን እንደምመልስላት አላውቅም ነበር። ስለዚህ የሰዓሊ ስም የተዘለለበት ጽሑፍ ሳይ ዝም ማለት አልችልም።

ደግሞ መጨረሻ ላይ ያላችሁት! «እንዲህ ያለ ሱሪያሊዝም ለኛ አገር ተመልካች አይገባውም»። ማንን ጠይቃችሁ? እኔ እናቴን ሳሳያት ስፓኒሽ አታውቅም፣ ፊልሙ ውስጥ ዶራ ሉዝ የምትዘፍነውን ዘፈን በዜማው ብቻ ነው የሰማችው፣ ሲያልቅ «ልጅቷ የወደደችው እዛ ድንጋይ ውስጥ ያለውን ነው አይደል? እሱ መች ይመጣላታል» አለችኝ። ክሮኖስ የሚሉት ያ ሰውዬ ጊዜ ማለት እንደሆነ ማንም አልነገራትም። አባቴ ደግሞ ቅኔ ቤት ያደገ ሰው ነው፣ ኤሊዎቹ ጋ ሲደርስ «መልሰው፣ መልሰው» አለና ሦስቴ አየው፣ ከዛ «ይሄማ ህብር ነው» አለ። ልክ ነዋ! አንዱ ቃል ሰሙንም ወርቁንም እንደሚይዝ ሁሉ አንዱ መስመር ለፊቱም ጠርዝ ነው ለባለሪናዋም ወገብ ነው። በቅኔ ያደገ ሕዝብ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ማየት ያቅተዋል ብሎ መጻፍ አገሩን አለማወቅ ነው፣ ሰድባችሁናል። ያልገባው ሰው የለም አላልኩም፣ ታናሽ ወንድሜ ቅዠት ነው ብሎ ግማሹ ላይ ተነስቶ ሄዷል፣ መብቱ ነው፣ ግን ያ የሱ ጉዳይ ነው እንጂ የአገር ጉዳይ አይደለም።

ማስተካከያ እንድታወጡ እጠይቃለሁ። ከታች በትንሽ ጽሑፍ ሳይሆን ዘገባው በወጣበት ቦታ፣ የኤሊዎቹን ነገር አስተካክላችሁ፣ የጆን ሄንችንም ስም ጨምራችሁ። ስታወጡት ለእናቴ አነብላታለሁ።

አንድ ሰዓሊ፣ ከአዲስ አበባ