ቅዳሜ ብላስትን በየላፕቶፓችን እንጭናለን

ሰላም ልጆች፣ ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ደብረ ማርቆስ፣ ባለፈው በተገናኘንበት ክፍል፣ ብላስትን በየራሳችን ላፕቶፕ እንጭናለን። ብላስት የዲኤንኤ ወይም የፕሮቲን ቅደም ተከተልን (ሲኩዌንስን) ከዳታቤዝ ውስጥ ካሉት ጋር እያነጻጸረ ተመሳሳዩን የሚፈልግ ፕሮግራም ነው። ከቡሬና ከደጀን የምትመጡ አርብ ማታ ብትገቡ ይሻላል።

ፕሮግራሙ ነፃ ነው። ለዊንዶውስም ለማክም ለሊኑክስም ከአሜሪካው የባዮቴክኖሎጂ መረጃ ማዕከል፣ ከኤንሲቢአይ፣ ይወርዳል። በፍላሽ ስለማመጣው ዳታችሁን አትጨርሱ። የማዕከሉን ትልቁን የኑክሊዮታይድ (የዲኤንኤና የአርኤንኤ ሲኩዌንስ) ዳታቤዝ ግን ለማውረድ እንዳትሞክሩ፤ በመቶዎች የሚቆጠር ጊጋባይት ነው፣ የማናችንም ላፕቶፕ አይችለውም። ለእኛ የጤፍ ሲኩዌንሶች ያሉበት አንድ የፋስታ ፋይል (ሲኩዌንስ የሚጻፍበት ተራ የጽሑፍ ፋይል) ይበቃናል፤ እሱን ሜክብላስትዲቢ በሚባለው ትእዛዝ ወደ ዳታቤዝ ቀይረን ከዚያ በኋላ ያለ ኢንተርኔት እንደልባችን እንፈልግበታለን።

ዊንዶውስ የምትጠቀሙ፣ የፎልደራችሁ ስም መሃል ክፍት ቦታ አይኑር። እኔ በዚህች ምክንያት ግማሽ ቀን ስደርቅ ውያለሁ።

ባትሪ ሞልታችሁ፣ ቻርጀር ይዛችሁ ኑ፤ መብራቱን ታውቁታላችሁ። ማከፋፈያ ያለው ያምጣ። 5 ጊጋ ባዶ ቦታም አስለቅቁ።

የምትመጡ እስከ ሐሙስ ማታ «እመጣለሁ» በሉኝ፣ ኮምፒውተራችሁ ዊንዶውስ ይሁን ማክ ወይስ ሊኑክስ አብራችሁ ጻፉ፤ ፋይሉን የማዘጋጀው በዚያ ልክ ነው።