ቅዳሜ ማታ ሳሎናችን ይመለስ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፦

እንኳን ለመስቀል በዓል አደረሳችሁ። ጋዜጣችሁን የማነሳው እንጀራ ከምገዛበት ሱቅ ነው። እኔ ጊዜ ሳገኝ ገለጥ ገለጥ አደርገዋለሁ፤ አባቴ ግን ማስታወቂያው ሳይቀር ከፊት እስከ ኋላ ያነበዋል። ስለ ፖለቲካ የሚጽፍላችሁ ሰው አታጡም። እኔ የምጽፈው ስለ ቤታችን ቴሌቪዥን ነው። ትንሽ ነገር ሊመስላችሁ ይችላል። እኛ ቤት ግን ከሜይ ወር ጀምሮ ሳሎናችንን ባዶ ያስቀረ ጉዳይ ነው።

አባቴ 74 ዓመቱ ነው። ከእኔ፣ ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር ዋሽንግተን አጠገብ፣ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ይኖራል። ሳምንቱን ሙሉ ሥራ፣ ትምህርት ቤት እያልን እንበታተናለን። ቅዳሜ ማታ ግን ማንም የትም አይሄድም፤ «ሳተርደይ ናይት ላይቭ»ን አብረን ነው የምናየው። በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 5 ሰዓት ተኩል ላይ ይጀምራል። አዲስ አበባ ያሉት አክስቴ እሁድ ጠዋት ነጠላቸውን ለብሰው ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ እኛ እዚህ ሻይ አፍልተን ሶፋው ላይ ነን።

ፕሮግራሙን አይታችሁት ለማታውቁ፣ አጫጭር አስቂኝ ጭውውቶች ናቸው፣ ከኒውዮርክ በቀጥታ የሚተላለፉ። በሳምንቱ ውስጥ የሆነውን ነገር እዚያው ሳምንት ይጽፉታል። ቅዳሜ ማታ መጀመሪያ ተመልካች አስገብተው ሙሉውን ይለማመዱታል፣ ያላሳቀውን ይጥሉታል፣ ከዚያ ዋናውን ያስተላልፋሉ። ቀጥታ ስለሆነ ተዋናዩ ራሱ ሳቁ ሲያመልጠው ይታያል። አባቴ ከሁሉም በላይ የሚወደው ይህንን ነው።

ፕሮግራሙ የጀመረው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 11 ቀን 1975 ነው። በእኛ መስከረም 30 ቀን 1968 ማለት ነው። ደርግ ሥልጣን ከያዘ ገና አንድ ዓመቱ ነበር። እዚህ አንድ ቀልደኛ ፕሬዝዳንት ፎርድን ሆኖ በየሳምንቱ እየተደናቀፈ ሲወድቅ አገር ይስቃል፤ በቀጣዩ ዓመት የፕሬዝዳንቱ ቃል አቀባይ ራሱ በእንግድነት መጥቶ ፕሮግራሙን መራ። አባቴ ያኔ የ24 ዓመት ወጣት ነበር። አንድ ቃል ተናግሮ ማታ ቤቱ ያልተመለሰ ጓደኛ አለው። መጀመሪያ አብረን ያየን ቀን በፕሬዝዳንቱ ላይ ሲቀለድ አይቶ ዝም አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ «ይሄ ሰውዬ ዛሬ ቤቱ ገብቶ ያድራል?» ብሎ ጠየቀኝ። ያድራል አልኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድም ቅዳሜ እንዲያመልጠው አይፈልግም።

ችግሩ የመጣው እ.ኤ.አ. ሜይ 17 ቀን 2025፣ የሃምሳኛው ዓመት የመጨረሻው ፕሮግራም በሚተላለፍበት ምሽት ነው። ቴሌቪዥናችንን በኢንተርኔት፣ በወር ክፍያ ነበር የምናየው። ክፍያው በየጊዜው ይጨምራል። እሺ ብለን ከፈልን። የዚያን ዕለት ግን ገና ሳይጀምር ስክሪኑ ላይ ክቡ ነገር መሽከርከር ጀመረ። አጠፋሁ፣ አበራሁ። ፓስወርድ ጠየቀኝ። አስገባሁ፤ ኮድ በስልክ ልከናል አለ። ኮዱ ሲመጣ ጊዜው አልፏል አለኝ። ደንበኛ አገልግሎት ደወልኩ፣ ሙዚቃ እያሰሙ አቆዩኝ። ልጄ ራውተሩን ነቅሎ ሰካው። ይህ ሁሉ ሲሆን አባቴ ሻዩን ይዞ ተቀምጧል። ሻዩ ቀዘቀዘ። በመጨረሻ ሪሞቱን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ «በቃ ደህና እደሩ፣ አትድከሙ» ብሎ ተነሳ። ያቺ «አትድከሙ» የምትለዋ ቃል እስከ ዛሬ ውስጤ አለች። ለእሱ ብለን እንደምንቸገር ነው የገባው።

በሰመር ወራት ፕሮግራሙ እረፍት ላይ ስለሚሆን እኔም ነገሩን ተውኩት። ክፍያውንም አቋረጥን። ግን ሳሎናችን በዚያው ቀረ። ልጄ ያለፉትን ጭውውቶች ክፍሉ ውስጥ በስልኩ ያያል፣ ሦስት ደቂቃ፣ አራት ደቂቃ እየቆረጠ። ሳቁ በግድግዳው በኩል ይሰማናል። አባቴ «ምን አይቶ ነው?» ይለኛል። እኔም አላውቅም። አብረን ስናይ እኮ ልጆቹ ፕሮግራሙ ላይ የመጣው ዘፋኝ ማን እንደሆነ ለአባቴ ይነግሩታል፣ አባቴ ደግሞ ፖለቲካውን ለእነሱ ያስረዳል፣ እኔ መሐል ሆኜ እተረጉማለሁ። ቀልድ መተርጎም ከባድ ነው። ግማሹ መንገድ ላይ ይቀራል። ቢሆንም «ለምን ሳቁ?» ብሎ አያት የልጅ ልጁን የሚጠይቅበት ሌላ ሰዓት እኛ ቤት የለም።

ሴት ልጄ ደግሞ የራሷ ምክንያት ነበራት። ከፕሮግራሙ ተዋናዮች ኢጎ ንዎዲምን ነው የምትወደው። እዚሁ ሜሪላንድ፣ ባልቲሞር የተወለደች፣ ወላጆቿ ከናይጄሪያ የመጡ ናቸው። ኮሌጅ ባዮሎጂ ተምራ ነው ወደ ኮሜዲ የገባችው። የእኛን ቤት ወሬ የሚያውቅ ሰው ልጄ ለምን እንደምትወዳት ይገባዋል። ከሰባት ዓመት በኋላ ዘንድሮ በእንቁጣጣሽ ሰሞን መልቀቋን ስትሰማ ልጄ በጣም ነው ያዘነችው። ኮሜዲያኗ ቲፋኒ ሃዲሽ እ.ኤ.አ. በ2017 ፕሮግራሙን የመራች ጊዜም እንዲሁ፣ አባቷ ኤርትራዊ ነው ስንለው አባቴ ከወንበሩ ቀና ብሎ ነው ያያት።

አሁን ወደ መፍትሔው ልምጣ፤ ደብዳቤውን የጻፍኩትም ለዚህ ነው። ፕሮግራሙ የሚተላለፍበት ቻናል 4 በአየር ላይ በነጻ ይመጣል። ቻናል 5፣ 7 እና 9ም እንደዚሁ። የሚያስፈልገው አንቴና ብቻ ነው። ይህን የማያውቅ ሐበሻ ስንት እንደሆነ ስጠይቅ ነው የደነገጥኩት። ብዙ ሰው እ.ኤ.አ. ጁን 12 ቀን 2009 የድሮው ስርጭት ወደ ዲጂታል ሲቀየር አንቴናም አብሮ የቀረ ይመስለዋል። አልቀረም። እንዲያውም ጥራቱ ጨምሯል። ልዩነቱ፣ ድሮ ሲግናል ሲደክም ምስሉ ላይ ሽሮ እንደሚንተከተክ ነጠብጣብ ይርመሰመስ ነበር፣ ግን ሰዉ ይታያል። ዲጂታሉ ሲደክም ግን ምስሉ አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን ሆኖ ይሰባበርና ጭራሽ ይጠፋል። ሰው ይህን አይቶ ቴሌቪዥኑ ተበላሸ ይላል።

አንቴናውን ገዝተን ያመጣን ቀን ቤታችን እንደገና ነፍስ ዘራ። ልጄ ወንበር ላይ ወጥቶ መስኮቱ ላይ ይይዛል፣ አባቴ ሶፋው ላይ ሆኖ «መጣ! መጣ! ... ሄደ! ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ግራ!» እያለ ያዝዛል። አዲስ አበባ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ወጥቶ እንጨት ላይ የታሰረ አንቴና ሲያዞር የኖረ ሰው ነው። ለእሁድ መዝናኛ፣ ለበዓል ቀን የእነ ተስፋዬ ካሳና የእነ አለባቸው ተካ ጭውውት እንዳያመልጥ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ በር ላይ ይኮለኮል እንደነበር እያወራ ነው ያስተካከለልን። ልጆቼ ይህን ታሪክ ከዚያ በፊት ሰምተውት አያውቁም።

ያየነውን ልንገራችሁ። የቴሌቪዥን ማማዎቹ ዋሽንግተን ቴንሊታውን አካባቢ ናቸው፤ አንቴናውን በዚያ አቅጣጫ ያለ መስኮት ላይ አድርጉት። ከቴሌቪዥኑ ጀርባ አትደብቁት። 7 እና 9 እምቢ ካሏችሁ ሁለት ረዣዥም ዘንግ ያለው አንቴና ነው የሚያመጣቸው፣ ጠፍጣፋው ብዙ ጊዜ አይችላቸውም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሜኑ ውስጥ ገብታችሁ ቴሌቪዥኑ ቻናሎቹን እንደገና እንዲፈልግ አድርጉት። እ.ኤ.አ. ከ2017 እስከ 2020 ብዙ ጣቢያዎች ሞገዳቸውን ቀይረዋል፤ ይህን ካላደረጋችሁ ቴሌቪዥኑ የድሮው ቦታ ላይ ነው የሚፈልጋቸው።

አባቴ ቡና የሚጠጣባቸው አንዲት እናት አሉ፣ ብቻቸውን የአረጋውያን አፓርትመንት ውስጥ የሚኖሩ። ቴሌቪዥናቸው ከተበላሸ ዓመታት አልፎታል ብለው በጥልፍ ልብስ ሸፍነውት ነበር። ባለፈው እሁድ ሄደን ገመዱን አጥብቀን ቻናሎቹን እንደገና እንዲፈልግ አደረግነው። መጣ። ምንም አልተበላሸም ነበር። እማማ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ቆመው ቀሩ፣ ከዚያ ሁላችንንም አንድ በአንድ መረቁን። እኔ እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም። ይህን ያህል ጊዜ አንድ ሰው በአማርኛ «ይህችን ቁልፍ ተጫኚ» ስላላላቸው ብቻ በዝምታ ተቀምጠዋል።

ስለዚህ እባካችሁ ጋዜጣችሁ ላይ ለእንዲህ ያለ ነገር አንድ ጥግ ስጡ። አንቴና እንዴት ይተከላል፣ ቻናል እንዴት ይፈለጋል፣ ሳይከፍሉ ምን ማየት ይቻላል የሚለውን አዛውንት በሚያነቡት ትልልቅ ፊደል፣ በአማርኛ አውጡልን። ልጆች ደግሞ አንድ ቅዳሜ ስልካችሁን አስቀምጡና ለአያቶቻችሁ ሄዳችሁ አስተካክሉላቸው። ሃያ ደቂቃ አይፈጅም።

ፕሮግራሙ የሚመለሰው ቅዳሜ ኦክቶበር 4 ቀን 2025 ነው። ባድ ባኒ ነው የሚመራው፤ አባቴ አያውቀውም፣ ልጄ ሳምንቱን ሙሉ ዘፈኑን እያሰማ እያዘጋጀው ነው። አንቴናው መስኮቱ ላይ በፕላስተር ተጣብቋል፣ ማንም እንዳይነካው ዙሪያውን በእስክሪብቶ አስምረናል። እማማንም መኪና ልከን እናመጣቸዋለን፣ እኛ ጋ ያድራሉ። ደብዳቤዬን ከዚያ በፊት ብታወጡት ሌላም ቤት ሊደርስ ይችላልና አደራ።

አክባሪያችሁ
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ