ታኮ ሳታደርግ ከሥሯ አትግባ

ለምወድህ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትህ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም ክረምቱ ከወጣ ወዲህ ተሽሎኛል። እማማም ደህና ናቸው፤ በየሶላቱ ስምህን እየጠሩ ዱዓ ያደርጉልሃል።

ያልደወልኩልህ ስለምቆጣ ነው። እኔ ስቆጣ አንተ «እሺ እማዬ፣ እሺ እማዬ» ትልና ወደ ሥራህ ትመለሳለህ። ወረቀት ይሻላል፤ ማታ ቁጭ ብለህ ደጋግመህ አንብበው።

አጎትህ ሐሙስ ከኮምቦልቻ ሲመለስ በእኔ በኩል አለፈ። የአያትህን፣ የአባባን ላንድሮቨር እንዴት አድርገህ ነፍስ እየዘራህባት እንደሆነ ሲያወራልኝ ደስ ብሎኝ ቡናውን ሁለተኛ አስፈላሁ። ከዚያ እንደ ቀላል ነገር፣ «ከሥሯ ተኝቶ ነው ያገኘሁት፤ አንዱን የኋላ ጎማ በክሪክ አንሥቶ» አለኝ። ታኮስ፣ ጎማው እንዳይንከባለል ከሥሩ የሚገባው ማገጃ? አልኩት። «የእጅ ፍሬን ስቧል እኮ» አለ። ያ ግቢ ተዳፋት መሆኑን አውቃለሁ፤ ውሃ ቢደፋ ወደ በሩ ነው የሚወርደው። ያን ሌሊት እንቅልፍ የሚባል አልወሰደኝም።

አባቴ፣ ስማኝ። ታኮ ሳታደርግ ከሥሯ አትግባ።

የእሷ የእጅ ፍሬን አንተ እንደለመድካቸው መኪናዎች የኋላ ጎማ አይይዝም። ከካምቢዮው ጀርባ አንዲት ታምቡር አለች፤ የምትይዘው ወደ ኋላ ዲፈረንሻል የሚሄደውን ዘንግ ነው። ዘንጉ ቆመ ማለት ጎማዎቹ ቆሙ ማለት አይደለም። ዲፈረንሻል ሥራው ሁለቱን ጎማዎች በተለያየ ፍጥነት ማዞር ነው፤ አንዱን ጎማ ከመሬት ስታነሣው እሱ አየር ላይ ወደ አንድ በኩል ሲሽከረከር፣ መሬት ላይ የቀረው ወደ ሌላ በኩል ይንከባለላል። ፍሬኑ እንደተሳበ መኪናዋ ከክሪኩ ላይ ትወርዳለች። ክሮቼራ፣ የዘንጉን መጋጠሚያ፣ ላስቀይር ብለህ ያንን ዘንግ ስትፈታማ የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው ነገር ጭራሽ የለም። ይህን ከመጽሐፍ አላነበብኩትም። በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ አንተ ግን ሙሉውን ሰምተኸው አታውቅም።

በ1970 ክረምት ነው። ከአባባ ጋር የባቲን ሰኞ ገበያ ውለን ወደ ደሴ ስንመለስ። መኪናዋን ያኔ ከመሥሪያ ቤቱ ጨረታ ከገዛት ብዙም አልቆየም፤ እኔ እንኳ እግሬ ከወንበሩ ተንጠልጥሎ መሬቷን አይነካም ነበር። ከኋላ የማሽላ ጆንያ፣ በጆንያው ላይ ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች፣ አንዲት የታመመች አሮጊትም ነበሩ። ኮምቦልቻን አልፈን ሐረጎን ስንጀምር ጉሙ ወረደ። ሐረጎን አንተ በሚኒባስ ስለምትወጣው አቀበት አይመስልህም፤ ከ500 ሜትር በላይ እኮ ነው ሽቅብ የምትወጣው፣ ያውም በጥምዝምዝ።

አጋማሹ ላይ ስንደርስ ከፊታችን አንድ የጭነት መኪና ቆሞ አገኘን። አባባ ቆመ። የጭነት መኪናው ሲንቀሳቀስ አባባ አንደኛ ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮኑን ሲለቅ ከሥራችን አንድ ነገር «ቋ!» አለ። ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናዋ አትሄድም። ጎማውን የሚያዞረው የውስጥ ዘንግ፣ እነ አባባ ሽሚያስ የሚሉት፣ ተበጥሶ ነበር። የእጅ ፍሬኑን ሳበ። እግሩን ከፍሬን ላይ ትንሽ ላላ ሲያደርግ መኪናዋ ወደ ኋላ ሸተት አለች፤ መልሶ ረገጠ። አየህ፣ ያው ነገር ነው፤ አንዱ ወገን ስለተበጠሰ ዲፈረንሻሉ በነፃ ይዞራል፣ የእጅ ፍሬኑ ዘንጉን ጨብጦ ባዶውን ቀርቷል። አባባ እግሩ ፍሬን ላይ ተቸንክሮ ከወንበሩ መነሣት አልቻለም። የፍሬኑን ዘይት የሚያፍነው ላስቲክ፣ ጎሚኒውም፣ ያረጀ ስለነበር ፔዳሉ ከእግሩ ሥር ቀስ እያለ እየሰመጠ ነበር።

አልጮኸም። ወደ እኔ ዞር ብሎ፣ በየቀኑ ቁልፍ አቀብይኝ በሚልበት ድምፅ «ልጄ፣ ውረጂና ከኋላ ጎማ ሥር ድንጋይ አድርጊ» አለኝ። ወረድኩ። ዝናቡ፣ ጉሙ፣ ሴቶቹ ከላይ «ያ አላህ! እማምዬ ድረሽ!» ይላሉ፤ እስላሙም ክርስቲያኑም በየአምላኩ። መጀመሪያ ያገኘሁት ድንጋይ ድቡልቡል ነበር፤ ጎማው ገፍቶት ተንከባለለ። ሁለተኛውን ከቦዩ ዳር አገኘሁት፤ ጠፍጣፋ፣ ስለታም ጠርዝ ያለው፣ ከእኔ አቅም በላይ። እንዴት እንዳነሣሁት እስካሁን አላውቅም። ጎማው ድንጋዩ ላይ ሲቆም የተሰማኝን አሁንም በእጄ መዳፍ አውቀዋለሁ።

ከዚያ አባባ ወርዶ ሰውና ጭነቱን አስወረደ። የጎማውን መሃል ስድስቱን ብሎን ፈትቶ የተበጠሰውን ሽሚያስ መዝዞ አወጣና ጨርቅ ጠቅልሎ ሰጠኝ። ቀዩን ማርሽ ወደ ኋላ ስቦ የፊት ጎማዎቹን አስገባ፤ ባለ ሁለት ዲፈረንሻል ናትና በፊት ጎማዎቿ ብቻ እየተሳበች ደሴ ገባች። አሮጊቷን ብቻ ጫንናት። ሌሎቹ በእግራቸው ተከተሉን። ቤት ስንደርስ ለእማማ የነገራት «ዛሬ ልጅሽ አተረፈችን» ብሎ ነው። ደጋግሞ የሚያወራው ይህን ነበር፤ መሪ ግን አንድ ቀን አላስጨበጠኝም። ያኔ ሴት ልጅ መኪና ትንዳ የሚል ሰው ሰፈራችን ውስጥ አልነበረም። ካንዴላ ማጽዳት ተፈቅዶልኛል፣ የካንዴላውን እሳት የሚቆራርጠውን ፑንቲና ማስተካከል ተፈቅዶልኛል፣ ካንዴላዎቹ እሳት የሚሰጡበትን ተራ አንድ፣ ሦስት፣ አራት፣ ሁለት እያልኩ እንደ ፊደል አጥንቼዋለሁ፤ መንዳት ግን የወንድሞቼ ሆነ። እነሱ ደግሞ አቆሟት። ዶሮ እንኳ ሲሰፍርባት ዝም አሉ። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፤ ላንተ ደብቄ የምኖረው ነገር አይደለም።

ስለዚህ ይህን ሥራ ስለያዝክ ደስ ብሎኛል። ስቆጣህ ይህን አትርሳ። ደስ ስላለኝ ደግሞ ታኮውን አልተውልህም።

አሁን ለሥራው። ሳጥኑን የሚያደርስልህ ልጅ ታማኝ ነው፤ ከፍተህ ቁጠረው። ማኖቬላው፣ የአባባ የፑንቲና መለኪያ፣ የሊብሬው ዋና ቅጂና ያልተነካ ካንዴላ አለበት። በማኖቬላ ስታስነሣ አውራ ጣትህን ከሌሎቹ ጣቶች ጋር በአንድ ወገን አድርገህ ያዝ፤ ሞተሩ መልሶ ከመታ ጣት ይሰብራል። የፑንቲናውን ክፍተት ከ0.35 እስከ 0.40 ሚሊ ሜትር አድርገው፤ «በዓይን ይታወቃል» የሚልህን መካኒክ አትስማ።

በያጁ ሻንሲውን ሲሠራ ቆመህ እይ። አብዛኛው አካሏ አሉሚኒየም ስለሆነ አይዝግም፤ ሰው በዚያ ይታለላል። ሻንሲው ብረት ነው፣ የሚበላው ደግሞ ከውስጥ ነው። በመዶሻ እየመታህ ሂድ፤ ጤነኛው ይጮኻል፣ የተበላው ድምፁ ይታፈናል። አሉሚኒየሙና ብረቱ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ነጭ ዱቄት ካየህ መሃሉ ላይ ጎማ ነገር አስገባበት። ላሜራ ለጥፎ በስቱኮ የሚያስተካክል ከሆነ ገንዘብህን ይዘህ ውጣ። በቀኝ በኩል በፊተኛው ባሌስትራ ማሰሪያ ላይ የተመታው የሻንሲ ቁጥር አለ፤ በፍጹም በሞላ፣ በብረት መሞረጃው፣ እንዳያስነካው። ቁጥሩ ከጠፋ ሊብሬው ወረቀት ብቻ ነው፣ ቦሎም አታገኝም።

ፍሬኑን ሳትጨርስ ከግቢ አታውጣት። በፈረንጅ 1969 የተሠራች ናት፤ የእግር ፍሬኗ አራቱንም ጎማ የሚይዘው በአንድ መስመር ነው፤ አንድ ቦታ ካፈሰሰ ሁሉም ሄደ። ጎሚኒዎቹን በሙሉ ቀይር፣ አንዱንም አታስተርፍ። ክዳኑ ተከፍቶ የከረመ የፍሬን ዘይት ርጥበት ይጠጣል፤ ሐረጎን ስትወርድ ታምቡሮቹ ሲግሉ ይፈላና ፔዳሉ ወለል ይነካል። የታሸገ ግዛ። የሞተር ዘይት ወይም ሌላ ዘይት እንዳትጨምርበት፤ ጎሚኒውን ያሳብጠዋል። የኋላ ጎማው ውስጥ ዘይት ካየህም የፍሬን ሸራውን ጠርገህ አትመልሰው፣ ቀይረው።

ለአረፋ በእሷ ደሴ እመጣለሁ ብለሃል አሉ። መምጣቱስ ይሁን፤ መመለሱ ነው የሚያስፈራኝ። አንደኛና ሁለተኛ ማርሽዋ ሲንክሮ፣ ማርሹን አለስልሶ የሚያስገባው፣ የላቸውም፤ ቁልቁለት ላይ ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ልመልስ ብለህ ካልገባልህ በፎሌ፣ ያለ ማርሽ፣ ቀረህ ማለት ነው። ሐረጎ ጫፍ ላይ ቁም፣ ሁለተኛ አስገባ፣ እስከ ታች በዚያው ውረድ። ከኋላህ ያለው ጥሩምባ ይንፋ፤ አንተን አይመለከትህም። ነዳጅ እቆጥባለሁ ብለህ በፎሌ እንዳትወርድ።

ቀለሙን እንደወደድክ ቀባ። ወንበሮቹን ደግሞ የአባባ ናቸው ብለህ አታቆያቸው፤ እሱ ራሱ ወገቡን እየያዘ የሚረግማቸው ነበሩ። ጥሩ ስፖንጅ አስገብተህ አስለብሳቸው።

አንድ ነገር ግን እፈልጋለሁ። ስትጨርሳት፣ ከአንተ ቀጥሎ መሪ የምይዘው እኔ ነኝ። መንጃ ፈቃድ የለኝም፣ አስፋልትም አልፈልግም። ቦሩ ሜዳ ላይ ወስደህ ፍሪሲዮኑን ሁለቴ መርገጥ ታስተምረኛለህ። አጎቶችህ ይስቁ፣ ግድ የለኝም።

አሁንም ልድገመው። ጎማ ልትፈታ ነው? ታኮ። ዘይት ልትለውጥ ነው? ታኮ። አንድ ብሎን ብቻ ነው፣ ለደቂቃ ነው? ታኮ። ከፊትም ከኋላም፣ በሁለቱም በኩል። ክሪኩንም ብቻውን አትመነው፤ ወፍራም ግንድ ከሻንሲው ሥር ደርድር። ለብቻህም አትሥራ፤ አንድ ሰው ከጎንህ ይኑር። ድንጋይ የምታቀብል ልጅ ላትኖር ትችላለች። አንተ ለእኔ አንድ ነህ፣ መኪናዋ ግን ብትቀርም ትቀራለች።

በአናጺ ከዋንዛ ያስጠረብኩልህን አራት ታኮ ከሳጥኑ ጋር ለልጁ ሰጥቼዋለሁ። ጠፍጣፋ፣ ጠርዝ ያላቸው ናቸው። ሌላ ሰው ቢለምንህ አታውስ።

ማክሰኞ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው አለ። የአሮጌውን የፍሬን ጎሚኒ ቁጥርና ስፋት ጽፈህ፣ ፎቶውንም አንሥተህ እስከ ሰኞ ማታ በስልኬ ላክልኝ። ገንዘቡን እኔ እከፍላለሁ፤ ለሻንሲው ያለህን አትንካ።

እናትህ፣
ከደሴ