ፋሲካ ሲያልፍ ሰርግ የሚቆምበት አገር

ውድ አዘጋጅ፣

ስለ ሰርግ ወቅት ባወጣችሁት ጽሑፍ ላይ ትንሽ ልጨምር። አገር ቤት ፋሲካ ሲያልፍ የሰርግ ድንኳን ይተከላል። እዚህ እስራኤል ነገሩ ግልብጥ ነው፤ የአይሁድ ፋሲካ ሲያልፍ ሰርግ ይቆማል። በዚህ ወቅት ለሞቱት የጥንቱ አይሁዳዊ መምህር የረቢ አኪቫ 24,000 ተማሪዎች ሐዘን ነው ይባላል። ልማዱ ከማኅበረሰብ ማኅበረሰብ ቢለያይም፣ ብዙዎች ከፋሲካ ሁለተኛ ቀን ተቆጥሮ በ33ኛው ቀን፣ ላግ ባዖሜር በሚባለው በዓል ይድራሉ። ያን ቀን አዳራሽ ማግኘት ዘበት ነው!

የእህቴ ልጅ ይህን ሳታጣራ ቀን ቆርጣ ስንት ጣጣ አየን። በመጨረሻ ከሻቩዖት (ከአይሁድ የሰባቱ ሱባዔ በዓል) በኋላ ማክሰኞ ተዳረች። «በሥራ ቀን?» ብዬ አጉረመረምኩ። ዘፍጥረት 1ን ገልጣ አሳየችኝ፦ በሦስተኛው ቀን፣ ከእሑድ ሲቆጠር በማክሰኞ፣ «መልካም እንደ ሆነ አየ» የሚለው ሁለት ጊዜ ተጽፏል። ምን ልበል? ረቡዕ ጠዋት እንቅልፌን ሳልጨርስ ሥራ ገባሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከነታንያ