አደራ፣ ልጁ ወደ አንተ ከተማ መጥቷል

ሲያትል፣ ሚያዝያ 19 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ የሆሳዕና ዋዜማ

ይድረስ ለውድ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔና ቤተሰቤ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ከሁለት ዓመት በላይ ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ በድንገት ስጽፍልህ ቅር ብትሰኝ አልፈርድብህም። የአባትህን ዕረፍት የሰማሁት አርባቸው ካለፈ በኋላ ነበር፤ ያኔውኑ መደወል ሲገባኝ ነገ ነገ እያልኩ አሳደርኩት፤ ቀኑ በራቀ ቁጥር ደግሞ ኀፍረቱ እየከበደኝ ስልኩን ማንሳት አቃተኝ። ነፍሳቸውን በአጸደ ገነት ያኑርልን። ይቅር በለኝ። የቀረውን ፊት ለፊት ስንገናኝ ብነግርህ ይሻለኛል።

የጻፍኩልህ አደራ ልሰጥህ ነው። ሐሙስ ማታ የከተማህ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን አትላንታ ፋልከንስ የእኛን የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲን ኳርተርባክ፣ ኳስ ወርዋሪውን ማይክል ፔኒክስን፣ የዩኒቨርሲቲ ልጆች ወደ ትልቁ ሊግ በሚመረጡበት በድራፍቱ በ8ኛ ተራ መረጠው። ስሙ ሲጠራ ልጄ ከሶፋው ዘላ ተነሣች፤ እኔ ግን አስቀድመህ ትዝ ያልከኝ አንተ ነህ። ከዚያ በኋላ ሌሊቱን የአትላንታ ደጋፊዎች የሚሉትን ስሰማ እንቅልፍ አጣሁ። ባለፈው ወር ለኪርክ ከዝንስ የ4 ዓመት የ180 ሚሊዮን ዶላር ውል ሰጥታችሁ ሌላ ኳርተርባክ ለምን አስፈለገን ብለው መቆጣታቸው ይገባኛል፤ የፔኒክስ ዕድሜ 24 ሊሞላ ነው፣ ጉልበቱም ትከሻውም ተጎድቶ ያውቃል ማለታቸውም ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ልጁን አያውቁትም። እኔ ስለማውቀው፣ አንተም በእኔ ቃል እንድታውቀው ብዬ ነው የዓመቱን ነገር የምጽፍልህ።

ሞንታና 13 ለ 7 ያሸነፈን ዕለት በሞንትሌክ ድልድይ ላይ ስንሄድ፣ «ይህ ቡድን እንግዲህ በእኛ ዕድሜ አይነሣም» ያልከውን አልረሳሁብህም። ያን ዓመት 4 አሸንፈን 8 ተሸነፍን፤ አንተም ጓዝህን ጠቅልለህ ሄድክ። አንድ ዓመት ብቻ ብትታገሥ ኖሮ ወንድሜ! ካለን ዲቦር አሰልጣኝ ሆኖ መጣ፣ ፔኒክስም ከኢንዲያና ተከትሎት መጣ። ልጁ በኢንዲያና አራት ዓመት ተጫውቶ አራቱንም ዓመት በጉዳት ነበር ያቋረጠው፤ የቀኝ ጉልበቱ ጅማት ሁለት ጊዜ ተበጥሷል፣ በትከሻው በኩልም ሁለት ጊዜ ተጎድቷል። ብዙ ሰው በሁለተኛው ላይ ይተወው ነበር። እኛ ዘንድ በመጀመሪያው ዓመት 11 አሸንፈን 2 ብቻ ተሸነፍን፤ ወደ ትልቁ ሊግ መግባት እየቻለም አንድ ዓመት ልጨምር ብሎ ቀረ።

ያ የጨመረው ዓመት ነው እንግዲህ አምና ነሐሴ መጨረሻ ላይ የጀመረው። ቦይሲ ስቴትን 56 ለ 19 ብለን ስንከፍት ገና ማንም ብዙ አልጠበቀም። ከዚያ ጥቅምት 3 ቀን ኦሪገን መጣ። ልጄ የዩኒቨርሲቲያችን ተማሪ ስለሆነች ከተማሪዎቹ ጋር ነበረች፤ እኔ ከሐይቁ በኩል፣ ጀልባዎቹ በሚታዩበት በለመድነው ላይኛው ረድፍ ላይ ብቻዬን ተቀምጫለሁ። 33 ለ 29 ተመርተን ሳለ፣ ሁለት ደቂቃ ያህል ሲቀረው ኦሪገኖች በአራተኛውና በመጨረሻው ሙከራ ኳሱን ሊያርቁ ሲገባቸው ሦስት ያርድ ፈልገው ተጫወቱና አጡት። ፔኒክስ ሁለት ጊዜ ብቻ ወረወረ፤ 35 ያርድ ለጃሊን ፖልክ፣ 18 ያርድ ደግሞ ጥግ ላይ ለሮም ኦዱንዜ። ግራኝ ስለሆነ ኳሱ ከእጁ ሲወጣ የሚዞርበት መንገድ ዓይን ያደናግራል፤ እኔ ያለፈው መስሎኝ ነበር፣ ኦዱንዜ ግን ከተከላካዩ በላይ ዘርግቶ ያዘው። ኦሪገኖች በመጨረሻዋ ሰከንድ የመቷት ኳስ ወደ ጎን ወጣች፤ 36 ለ 33። ሲረኑ ሲጮኽ እጄን በለመድኩት ወደ ግራ ዘርግቼ ነበር፤ የማላውቃቸው አንድ ሽማግሌ ያዙት፣ እኔም አልሰበሰብኩትም።

አሪዞና ስቴትን 15 ለ 7 ስናሸንፍ የማጥቃት ክፍላችን አንድም ተችዳውን፣ ማለት ኳሱን ከመጨረሻው መስመር አሻግሮ የሚገኘውን ትልቁን ነጥብ፣ አላገባም፤ ተከላካያችን ሚሻኤል ፓወል ኳሱን ጠልፎ 89 ያርድ ባይሮጥ ኖሮ ሁሉም ነገር እዚያው ያበቃ ነበር። እንዲህ እንዲህ እያልን፣ ብዙውን ጊዜ በጠባብ ልዩነት፣ ሳንሸነፍ ጾመ ነቢያት ገባ። ከዋሽንግተን ስቴት ጋር በ21 እኩል ሆነን፣ ጨዋታው ሊያልቅ አንድ ደቂቃ ያህል ሲቀረው፣ በራሳችን 29 ያርድ ላይ በአራተኛው ሙከራ አንድ ያርድ ፈለግን። አሰልጣኙ ኳሱን ለኦዱንዜ ሰጥቶ በጎን አስሮጠው፤ 23 ያርድ ሄደ። ከዚያ ግሬዲ ግሮስ ከ42 ያርድ መትቶ አስቆጠረ። ግሮስ ስኮላርሺፕ ያልነበረው ልጅ ነው፤ ወላጆቹ እንደ እኛ እየከፈሉ የሚማር። አሰልጣኙ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ፣ ላባቸው ሳይደርቅ በቡድኑ ሁሉ ፊት ከእንግዲህ ስኮላርሺፕ አለህ ሲለው ጓደኞቹ እየጮኹ ከበቡት። ያን ቪዲዮ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። የመጀመሪያው የልጄ የትምህርት ክፍያ ደረሰኝ የመጣ ቀን ያልኩህን ታስታውሳለህና ለምን እንዳለቀስኩ አልነግርህም። ያን ማታ ልደውልልህ ስልኩን ይዤ ስምህን አውጥቼ ነበር።

ኦሪገንን ላስ ቬጋስ ላይ ደግመን 34 ለ 31 አሸነፍን። በፈረንጆች አዲስ ዓመት ማታ ደግሞ ኒው ኦርሊንስ ላይ ቴክሳስን 37 ለ 31፤ ፔኒክስ 38 ወርውሮ 29ኙን አሳክቶ 430 ያርድ አገኘ። ጨርሰናል ስንል ሯጫችን ዲሎን ጆንሰን እግሩን ተጎድቶ ሰዓቱ ቆመ፣ ቴክሳሶችም እስከ 12 ያርድ አካባቢ ደረሱ፤ የመጨረሻዋን ኳስ ተከላካያችን ኤላይጃ ጃክሰን በጣቱ ባይነካት ኖሮ ዛሬ የምጽፍልህ ሌላ ነበር። ካለፈው ዓመት ጋር 21 ጨዋታ በተከታታይ አሸንፈን ነበር፤ ይህን ቁጥር እየደጋገምኩ ለራሴ እለዋለሁ።

ከሚሺጋን ጋር የነበረው የፍጻሜው ጨዋታ በገና ማግስት ዋለ። የበዓሉ ዶሮ ወጥ ገና ከድስቱ አላለቀም፤ ቤቱ በእንግዳ ሞልቶ፣ ከማሸነፋችን በፊት እልል ያሉም ነበሩ። በእረፍት ሰዓት 17 ለ 10 ተመርተን ነበር። ሚሺጋኖች ግን ልጁን አላስተነፈሱትም፤ በወረወረ ቁጥር ጣሉት፣ ከመሬት ሲነሣ ጎኑን ይዞ ሲያዘግም እናየው ነበር፤ ሁለት ጊዜም ጠለፉት። 34 ለ 13 ተሸንፈን አለቀ። እኔ ለአደራው ምክንያት የምለው ይህን ነው፤ በዚያ ሁኔታ ተለዋጩን አስገቡ ብሎ ዳር ሊቀመጥ ይችል ነበር፣ እርሱ ግን እስከ መጨረሻው ቆመ። ወጡን ማንም ሳይነካው አደረ።

በአራተኛው ቀን አሰልጣኙ ወደ አላባማ ሄደ። ሲያትል ይህን ማመን ከብዶት ሰነበተ፤ ልጄም እስካሁን ስሙን አታነሣም። እኔ አልቀየምኩትም ማለት እፈልጋለሁ፣ ግን ገና ነኝ። የእኛው ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1915 ከመሠረቱት አንዱ የሆነበት ሊግም ፈርሷል፤ ከ12ቱ ቡድኖች 10ሩ ሊወጡ ወሰኑ፣ እኛም ወደ ሌላው ሊግ ወደ ቢግ ቴን ልንገባ ነው። በዚህ ሦስት ቀን ድራፍት 10 ልጆቻችን ተመረጡ፤ ኦዱንዜ ከፔኒክስ ቀጥሎ በ9ኛ ተራ ቺካጎ፣ ትሮይ ፋውታኑ በ20ኛ ተራ ፒትስበርግ። ያ ቡድን እንግዲህ የለም፤ ልጆቹ በየከተማው ተበተኑ፤ ከሁሉም የምሳሳለት ልጅ ደግሞ አንተ ያለህበት ደረሰ።

ስለዚህ አደራዬ ይህ ነው። ስታዲየም የሄድክ ቀን ያንን ሐምራዊ ጃኬት ልበስ፤ ሚስትህ አልጣለችው እንደ ሆነ። በመጀመሪያው ዓመት ዳር ተቀምጦ ይውል ይሆናል፤ ሲገባም ይሳሳት ይሆናል። ሰዎች ሲያፏጩበት ከሰማህ አንተ ስሙን ጥራው። አንድ ሰው ቢጠራው ይበቃኛል።

ደግሞም መስከረም 25 ቀን ሚሺጋን እዚህ እኛ ሜዳ ይመጣል። ሁለት ትኬት ለመግዛት እያሰብኩ ነው፤ አንዱ የማን እንደሆነ ታውቃለህ። ብትመጣ ከኤርፖርት እኔ እወስድሃለሁ፣ ባቡሩም እስታዲየሙ ደጃፍ ያደርሰናል። አልመጣም ብትል ግን... እንደሱ አትበል።

ደብዳቤው ከፋሲካ በፊት ይደርስህ ይሆናል። በትንሣኤ ዕለት ከሰዓት በኋላ እደውላለሁ። ቁጥሬ አልተለወጠም፤ የአንተም ካልተለወጠ አንሣው። ስለ አባትህ ያን ጊዜ እንነጋገራለን።

ወንድምህ