የእግር ጉዞ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ መራመዱ ሳይሆን መቆሙ አስቸገረን

በኮቪድ-19 ወረርሽኝ ምክንያት ዘንድሮ የብዙ ክበባት ዘገባ አጭር ነው። የድራማ ክበብ መድረክ አላገኘም። የሙዚቃ ክበብ ክፍሉ እንደተቆለፈ ከረመ። የእኛ ግን ረዘም ይላል። ሥራችን ከቤት ውጭ ስለሆነ መንቀሳቀስ ችለናል። በምትኩ ግን ከወትሮው የበዛ ወረቀት፣ ስልክና ክርክር ጠይቆናል።

የዓለም ጤና ድርጅት ኮቪድ-19ን ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ያለው እ.ኤ.አ. ማርች 11 ቀን 2020 ነበር። ብዙም ሳይቆይ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ዩኔስኮ እንደሚለው፣ በከፋው ወቅት በዓለም ዙሪያ 1.6 ቢሊዮን ገደማ ተማሪዎች ከትምህርት ገበታቸው ርቀዋል። እኛም ከነዚያው ነበርን። ትምህርት ሲከፈት ያየሁት ነገር አስደነገጠኝ። ወራትን ስልክ ላይ አቀርቅረው ያሳለፉ ልጆች ፎቅ ሲወጡ ያለከልካሉ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ የዓለም ጤና ድርጅት አዲስ መመሪያ አወጣ። ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ላብ የሚያወጣ እንቅስቃሴ ያስፈልጋቸዋል ይላል። ርእሰ መምህሩ ቢሮ የገባሁት ይህን መመሪያ ይዤ ነው።

ፈቃዱ ከወላጆች ጋር ከተነጋገርን በኋላ ነው የመጣው። ስብሰባው ላይ አንድ አባት «መምህር፣ ልጆቹ ለጥቂት ወራት ቤት ቢቀመጡ ምን ይጎድላቸዋል?» አሉ። አንዲት እናት ደግሞ በተቃራኒው «ሜዳ ላይ እኮ ነው የሚሄዱት፣ አየር አለ፤ ይሄ ሁሉ ሕግ ለምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ። ለሁለቱም የሰጠሁት መልስ አንድ ነበር። ቫይረሱ በትንፋሽ፣ በንግግርና በሳል ከሚወጡ ጠብታዎችና በዓይን ከማይታዩ ብናኞች ጋር ይጓዛል። በተዘጋ ክፍል ውስጥ የተረጨ ሽቶ እያንዳንዱ አፍንጫ ጋ ይደርሳል። ሜዳ ላይ ከሆነ ነፋሱ ይበትነዋል፤ አጠገብ የቆመ ሰው ግን እዚያም ያሸተዋል። ስለዚህ ውጭ መሆናችን ብዙ ይጠቅመናል፣ ግን ተጠጋግቶ መቆምን አይፈቅድልንም።

የዓመቱ ሥራችን ሁሉ ከዚህ ነጥብ ተነሣ። ልጆች ሲራመዱ በራሳቸው ይራራቃሉ። አንዱ ይፈጥናል፣ አንዱ ይዘገያል፣ ሁሉም ፊቱን ወደፊት አዙሯል። ችግሩ የሚመጣው ሲቆሙ ነው። መነሻው ላይ ስም ሲጠራ ይከማቻሉ። ጠባቡ መሻገሪያ ላይ ወረፋ ይይዛሉ። ጫፍ ላይ ሲደርሱ ፎቶ ለመነሳት ይተቃቀፋሉ። ምሳ ላይ ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። እናም ስለ አካሄዱ ብዙም ሳንጨነቅ ስለ መቆሚያዎቹ አንድ በአንድ ተወያየን።

መጀመሪያ ረጅሙን ሰልፍ በታተንነው። እያንዳንዱ ምድብ አዋቂውን ጨምሮ ከስድስት ሰው አይበልጥም። ፊት ለፊት መሪ፣ ከኋላ ደጀን አለው። ምድቦቹ ዓመቱን ሙሉ አይለዋወጡም። አንድ ልጅ ቢታመም ቤት የሚቀረው የእሱ ምድብ ብቻ እንዲሆን ነው። ወንድማማቾችንና እህትማማቾችን፣ በአንድ መንገድ ወደ ቤት የሚመለሱ ጎረቤታሞችንም አንድ ላይ አደረግን። እነሱ ድሮም አብረው ናቸው፤ ብንለያያቸው ንክኪውን እናበዛዋለን እንጂ አንቀንሰውም። የቅርብ ጓደኞች ስለተለያዩ ኩርፊያው ቀላል አልነበረም። «ቲቸር፣ እኔና እሷ እኮ አንድ ዴስክ ላይ ነን!» የምትል ልጅ ትክክል ነበረች። አንድ ዴስክ ላይ ከዋሉ መለያየታቸው ትርጉም የለውም። እሷን አዛወርኳት።

ቀጥሎ የመነሻ ሰዓት መጣ። ምድቦቹ በ15 ደቂቃ ልዩነት ይነሳሉ፤ ግን ልዩነቱ እስከ መጨረሻው እንዲቆይ ሒሳብ ያስፈልጋል። ዊልያም ናይስሚዝ የተባለ ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ እ.ኤ.አ. በ1892 ያስቀመጠው ስሌት ዛሬም ይሠራል። በሜትር ሲመነዘር፣ ለየ5 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት፣ ለየ600 ሜትር ሽቅብ ደግሞ ተጨማሪ አንድ ሰዓት ማለት ነው። 10 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 300 ሜትር ዳገት ያለው መንገድ እንግዲህ ሁለት ሰዓት ተኩል ይወስዳል። ይህ ግን ለጠንካራ አዋቂ ነው፣ ዕረፍትም የለውም። እኛ በላዩ ላይ ግማሹን ጨመርንበት። ሒሳቡን የክበቡ ጸሐፊ፣ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ናት የምትሠራው። በሒሳብ ትምህርት እንደዚህ ስትደሰት አይቻት አላውቅም።

ቅደም ተከተሉም ቀላል ነገር አይደለም። ልምዱ ትንንሾቹን አስቀድሞ መላክ ነው፤ ደግ ሐሳብ ይመስላል። ውጤቱ ግን ፈጣኖቹ ከኋላ መጥተው ጠባቡ መንገድ ላይ ይደርሱባቸዋል፣ ሁለት ምድብ አንድ ይሆናል። ስለዚህ ፈጣኖቹን አስቀደምን፣ ዘገምተኞቹን አስከተልን። እየሄዱ በሄዱ ቁጥር ርቀቱ ይሰፋል። ደርሶ መልስ መንገድም ተውን። ስትሄድ ያልተገናኘኸውን ሰው ስትመለስ ፊት ለፊት ትጋጠመዋለህ። ዙሪያ ገጥሞ መነሻው ላይ የሚመልስ መንገድ መረጥን፤ ሁሉም በአንድ አቅጣጫ ይዞራል።

አውቶብስ የለም ሲባል ብዙ አባላት ክበቡ የሞተ መስሏቸው ነበር። ሰዓት ሙሉ በተዘጋ መኪና ተጠጋግቶ ሄዶ፣ ከዚያ ወርዶ ሜዳ ላይ ርቀት መጠበቅ ግን ራስን ማታለል ነው። ሩቅ ተራራዎቹ ይቆዩን አልን። ከትምህርት ቤቱ በር ተነስተን በእግር የምንመለስባቸውን መንገዶች ፈለግን። በየቀኑ አጠገባቸው የምናልፋቸው፣ ማንም ያላያቸው ስንት መንገዶች እንዳሉ! ለነገሩ የእግር ጉዞ ክበብ ሆኖ በመኪና መጀመር ድሮም አይዋጥልኝም ነበር።

ስለ ማስክ ብዙ ተከራክረናል። የዓለም ጤና ድርጅት ከባድ እንቅስቃሴ ሲደረግ ማስክ አይደረግ ይላል። ላብ ሲያርሰው ትንፋሽ ያጥራል፣ ለጀርሞችም ይመቻል። ስለዚህ ዳገት ላይ ተራርቀን እናወልቃለን። መነሻው ላይ፣ በጠባብ ቦታና ሌላ መንገደኛ ሲያልፍ እናደርጋለን። እያንዳንዱ ልጅ የወለቀውን ማስክ የሚይዝበት የወረቀት ከረጢትና መቀየሪያ ይዞ ይመጣል። አገጭ ላይ ማንጠልጠል ግን ክልክል ነው። ይህን የመጨረሻውን ማስከበር ከሁሉም በላይ አድክሞኛል።

የሙቀት መለኪያውን ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተውነው። ፀሐይ ላይ ቆሞ የጠበቀ ጤነኛ ልጅ ግንባሩ ሲለካ ትኩሳታም ይመስላል። በሌላ በኩል ሰው ምልክት ከማሳየቱ ሁለት ቀን በፊት ጀምሮ ሊያስተላልፍ ይችላል፤ መለኪያው ይህን አያይም። የበለጠ የጠቀመን ጥያቄ ነው። ከጉዞው ዋዜማ ማታ መሪው ለየቤቱ ይደውላል፦ ሳል፣ ትኩሳት፣ ጣዕም ወይም ሽታ ማጣት አለ ወይ? ቤት ውስጥ የታመመ ሰው አለ ወይ?

እዚህ ጋ አንድ ነገር አስተዋልን። ልጆች ይደብቃሉ። ክፋት አይደለም፤ ጉዞው እንዳያመልጣቸው ነው። ክበባችን ደግሞ ለማይቀር አባል በዓመቱ መጨረሻ ሽልማት ነበረው። አስቡት፣ ሳል የያዘውን ልጅ «ና» ብለን የምንሸልመው እኛው ነን ማለት ነው። ሽልማቱን ሰረዝነው። አሞኛል ብሎ የቀረ ቦታው አይነካም፣ ማስረጃ አይጠየቅም፣ ምድቡ ሲመለስ ይቀበለዋል። ከዚያ በኋላ ስልክ ሲደወል «ዛሬ ትንሽ ያስነጥሰኛል» የሚል ድምፅ መስማት ጀመርን። በእኔ ግምት ከሳኒታይዘሩም ከማስኩም በላይ የጠበቀን ይህ ነው።

ስም ዝርዝሩም ሌላው ሥራ ነበር። ማን ከማን ጋር፣ ስንት ሰዓት ተነስቶ ስንት ሰዓት እንደተመለሰ፣ የወላጅ ስልክ። በሽታው ከተያዙ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ በአምስትና ስድስት ቀን፣ አንዳንዴም እስከ 14 ቀን ቆይቶ ነበር የሚታየው። ስለዚህ ዝርዝሩን ሦስት ሳምንት አስቀምጠን እንቀደዋለን። የሰው ስልክ ቁጥር ያለበት ወረቀት ቢሮ ለቢሮ መዞር የለበትም።

ዝርዝሩ አንድ ጊዜ በእርግጥ አስፈልጎናል። ከጉዞ በኋላ በነበረው ሳምንት የአንድ አባላችን ምርመራ ፖዘቲቭ ሆነ። ወላጆቹ ማታ ደወሉ፤ ጸሐፊዋ ዝርዝሩን አወጣች፤ በዚያው ምሽት ለምድቡ ቤተሰቦች ሁሉ ተነገረ። ምድቡ 14 ቀን ቤት ቆየ። ሌሎቹ በሚቀጥለው ቅዳሜ ሄዱ። የልጁን ስም ቴሌግራም ግሩፑ ላይ አላወጣንም። ያው ወሬ አይቀርም፤ ግን ከእኛ አልወጣም። ልጁ አገግሞ ሲመጣ መጀመሪያ የጠየቀው «የተቆጣኝ አለ?» ብሎ ነው።

አሁን ወደ ምሳ ልምጣ። ሕጉ ግልጽ ነው፤ የራስህን ብላ፣ የራስህን ጠጣ፣ ሁለት ሜትር ራቅ። ለልጆች ግን ካመጡት ምግብ ይልቅ የሚጣፍጠው ከጓደኛ የሚቀምሱት ነው። ክብ መሥራቱን ለማስቀረት ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ወደ ገደሉ ማዶ እያየ እንዲቀመጥ አደረግን። ፊት ለፊት መተያየት ሲቀር መጠጋጋቱም ቀነሰ። ውኃ ረስቶ ለሚመጣ ደጀኑ ያልተከፈተ ጠርሙስ ይዞ ይሄዳል። ያ ባይኖር ኖሮ ማንም ልጅ ጓደኛው ሲጠማ እያየ ጠርሙሱን አይከለክልም፤ እንዲከለክልም አላስተምረውም።

የመጀመሪያ እርዳታ በሁለት ሜትር ርቀት አይሰጥም። በመሪው ቦርሳ ውስጥ ጓንት፣ ለተጎጂውም ለረዳቱም የሚሆን ማስክ፣ አልኮሉ ከ60 በመቶ የማያንስ ሳኒታይዘር አለ። ሐኪም ቤቶች በተጨናነቁበት ጊዜ እግር ሰብሮ መሄድ ነውር ስለሆነብን ድንጋያማ ቁልቁለቶችን ጨርሶ ትተናል። ቢሆንም አንዲት የ7ኛ ክፍል ልጅ ሜዳ ላይ ቁርጭምጭሚቷ ዞረ። መሪዋ ራቅ ብላ እየነገረች፣ አንድ ቤት የምትኖር ታላቅ እህቷ አሰረችላት። እህትማማቾችን አንድ ምድብ ያደረግንበት ምክንያት ሌላ ነበር፤ ለዚህም ጠቀመ።

ያጣነውንም ልጻፍ። ዘፈን አጣን። ድምፅን ከፍ አድርጎ መዝፈን ከመነጋገር የበለጠ ብናኝ ስለሚያወጣ ጉዞው ላይ ከለከልነው፤ ዳገቱ ረዘመባቸው። ከዚያ የባሰው ግን የክፍሎቹ መለያየት ነው። ድሮ የ12ኛ ክፍል ጎረምሳ የ7ኛ ክፍል ልጅ ቦርሳ ተሸክሞ፣ ስለ ፈተናም ስለ ሕይወትም እያወራለት ይሄድ ነበር። ምድቦቹ ሲጠብቡ ይህ ቀረ። በመጨረሻው ጉዞ ላይ የአንድ ክበብ አባላት ሆነው ስማቸውን የማይተዋወቁ ልጆች አየሁ። ሕጉ ትክክል ነበር፤ ዋጋውም ይሄው ነው።

ለከርሞ ምን ይቀራል፣ ምን ይሄዳል? ትንንሽ ምድቦች፣ የመነሻ ሒሳቡ፣ ፈጣን ፊት መሄዱ፣ ትርፍ ውኃውና አሞኛል ብሎ መቅረት የሚቻልበት ሕግ ወረርሽኙ ቢያልፍም ይቀጥላሉ። ዘፈኑ በተፈቀደ ማግስት ይመለሳል። ምድቦቹ ግን በየወሩ እንዲቀያየሩ፣ በእያንዳንዱም ከላይኛውና ከታችኛው ክፍል እንዲኖር ሐሳብ ቀርቧል፤ የጤና ሁኔታው ከፈቀደ በመጀመሪያው ስብሰባ እንወስናለን።

መሪዎቻችን በዚህ ዓመት ስለሚመረቁ ቦታቸው ክፍት ነው። ለመሪነት የተመዘገበ ሞልቷል፤ ለደጀንነት ግን ማንም እጁን አላወጣም። ደጀን የሚሆን ሰው ሰዓት ያለው፣ ስልኩን ቻርጅ አድርጎ የሚመጣና ከመጨረሻው ልጅ ኋላ ሳይነጫነጭ መራመድ የሚችል ይሁን። ፍላጎት ያላችሁ ስማችሁን ለጸሐፊዋ ስጡ።