የከበሮው ማንገቻ

ሚኒያፖሊስ፣ ሐምሌ 10

ለውድ እህቴ ለሚሚ፣

እንዴት ነሽልኝ? እማዬስ እንዴት ናት? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ። እዚህም ሙቀት ገብቷል። ግን ከድሬ ሙቀት ጋር አይገናኝም፤ ማታ ማታ ያቺ ነፋስ የለችም፣ ትንኝ ብቻ።

የድምፅ መልእክትሽን ሦስት ጊዜ ሰማሁት። ለሐምሌ 19 የሰንበት ትምህርት ቤቱን ልጆች ይዘሽ ቁልቢ ልትወጪ ነው፤ ሦስት ሌሊት በድንኳን ልታድሩ። «ምን ብዬ ላነቃቃቸው?» አልሽኝ። ኧረ አቦ ሚሚ! እኔ ባለፈው ሳምንት በዚሁ ጉዳይ ተዋርጄ ነው የመጣሁት።

የደብራችን የወጣቶች ካምፕ ነበር፣ ከሐሙስ እስከ እሑድ፣ ሐይቅ ዳር። ልጆቹ እዚሁ የተወለዱ ናቸው። በአማርኛ ትጠይቂያቸዋለሽ፣ በእንግሊዝኛ ይመልሱልሻል። መዝሙሩን እንኳ በፈረንጅ ፊደል ነው ጽፈን የምናድላቸው። የመጀመሪያው ማታ ስልካቸውን ቅርጫት ውስጥ ሰብስበን እኔ ልመክር ተነሣሁ። «እኛ በናንተ ዕድሜ…» ብዬ ጀመርኩ። አርባ ደቂቃ! ግማሹ እንቅልፉን ለጥጧል። አንዷ እጇን አውጥታ «ጋሼ፣ አለቀ?» አለችኝ። ለዚህ ጊዜ አማርኛዋ ጥርት ያለ ነው።

ዓርብ ደግሞ ወጥ ቤቱ አይብ የተንጣለለበት ፒዛ ይዞልን መጣ። ጾም መሆኑን ቀድመን ነግረን ነበር፤ ሰውዬው «ሥጋ እኮ የለውም» ብሎ ድርቅ አለ። ዳቦ በለውዝ ቅቤ በላን።

ከልጆቹ መሃል አንድ የ14 ዓመት ልጅ ነበር። ኮፍያውን ዓይኑ ድረስ ደፍቶ፣ ከሁሉም ኋላ ይቀመጣል። ሁለት ጊዜ በሰው ፊት ተቆጣሁት፤ ባሰበት። ዓርብ ማታ ግን መዝሙር መሃል የከበሮው ማንገቻ ተበጠሰ። ሁላችንም ዝም አልን። ልጁ መጣ፣ ቁጭ አለና የጫማውን ክር ፈታ። ሁለት ጊዜ አጥፎ፣ በጥርሱ ስቦ አሰረው። ከዚያ በመዳፉ አንዴ መታና ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠ። «ከበሮው ካሁን በኋላ ያንተ ነው» አልኩት። እስከ እሑድ አንድ እግሩ ጫማው እየወለቀ፣ ጠዋት ጠዋት ካምፑን የሚቀሰቅሰው እሱ ሆነ። ወደ ቤት ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ እንኳ ለማንም አልሰጥም አለ።

ያን ጊዜ የኛ የሰንበት ትምህርት ቤት ሰብሳቢ ትዝ አለኝ። አንቺ ገና ሕፃን ነበርሽ፣ በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከተማዋን ሲመታት። ያን ሁሉ ሰው ወሰደ። እኔ የታወቅሁ በጥባጭ ነበርኩ፤ ከመዝሙር ጥናት ሁለቴ ተባርሬያለሁ። ሰብሳቢው በማግስቱ ጠዋት ጠራንና ምንም ስብከት አላበዛም። ለአንዱ ጄሪካን ሰጠ፣ ለሌላው ብርድ ልብስ። ለኔ ደብተርና እርሳስ ሰጠኝና ተፈናቃዮቹ ወዳረፉበት ትምህርት ቤት ላከኝ። ወላጆቻቸው የጠፉባቸውን ልጆች ስም እንድጽፍ ነው። ማታ ደብተሩን ስመልስለት አልተቀበለኝም። «ነገም ያንተ ሥራ ነው» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ከሰንበት ትምህርት ቤት ቀርቼ አላውቅም።

እና ለልጆቹ የምትይውን ሳይሆን የምታሸክሚያቸውን አስቢ። በጣም የሚረብሽሽን የውሃ ኃላፊ አድርጊው፤ የምታፍረዋን ልጅ ቆጣሪ። ሰባት ስምንት እየሆኑ ይከፋፈሉ። ሰላሳ ልጅ ባንድ ላይ ብትይዢ ስማቸውን እንኳ አታውቂም። ያጠፋውን ለብቻው ጠርተሽ አናግሪው። አንቺ ደግሞ ቶሎ ይነድሻል፣ ስለማውቅሽ ነው።

ከደንገጎ ዳገት በላይ ብርድ ነው፣ ያውም በክረምት። የድሬ ልጅ በካናቴራ ይወጣና ሌሊቱን ጥርሱን ሲያፋጭ ያድራል። ጋቢ ያልያዘውን አታሳፍሪ። ከድንኳኑ ዙሪያ ቦይ ቆፍሩ። መንገድ ላይ ድንጋይ ተሸክመው ስለት የሚያደርሱ ታያላችሁ። ልጆቹ ፎቶ እንዳያነሷቸው፤ ይልቅ ለደከመው ውሃ ያቅርቡ።

ለላስቲክና ለጄሪካን የሚሆን ትንሽ ብር ልኬያለሁ፣ በእማዬ ስም ነው። ጉልበቷን ሳሚልኝ። ለኔም ሻማ አብሪልኝ።

ከመነሣታችሁ በፊት ደግሞ የከበሮውን ማንገቻ እዪው።

ወንድምሽ